ትሉ ሎሚ አይፈራም፦ ስለ ዓሳ ትልና ስለ ጤናችን

(የመግቢያ ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ ይልና ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በያቤሎና በዙሪያዋ፣ በሜጋ፣ በሞያሌ፣ በቡሌ ሆራ፣ በነጌሌ ቦረና ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ከብት አጠጥታችሁ የተመለሳችሁ፣ ሱቅ ከፍታችሁ ደንበኛ የምትጠብቁ፣ መሪ ጨብጣችሁ ረጅሙን መንገድ የያዛችሁ፣ ይህ ሳምንታዊው የጤና ዝግጅታችን ነው።

የዛሬው ርዕሳችን ዓሳ ነው። አዎ፣ ዓሳ!

"በከብትና በግመል አገር ስለ ዓሳ ምን አስወራችሁ?" የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ያቤሎ ባሕር የላትም፤ ሐይቅም የላትም። ዓሳ በቦረና ከጥንት የቆየ ምግብ አይደለም።

ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሐዋሳና በዲላ አልፎ ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ አለን። ሐዋሳ ከእኛ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሰው ሐይቁ ዳር ወርዶ ዓሳ ይበላል፤ ሲመለስም ለቤተሰቡ ይዞ ይመጣል። ሱቃችን መደርደሪያ ላይ የባሕር ዓሳ በቆርቆሮ ታሽጎ ተቀምጧል፤ ሰርዲኑም ቱናውም። ልጆቻችን ደግሞ ወደ ኬንያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ አረብ አገርና ወደ አውሮፓ እየሄዱ የባሕር ዓሳ ከሚበላበት ማዕድ ይቀርባሉ።

ዓሳ ወደ እኛ ከመጣ፣ ስለ ዓሳ ማወቅ ያለብንም አብሮ ይምጣ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ከመጀመራችን በፊት አንድ አጭር ጭውውት እናሰማችሁ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሐዋሳ ተመልሶ እናቱ ቤት ገብቷል።

(የበር ድምፅ፤ የዕቃ ኳኳታ)

ልጅ፦ እማዬ፣ ዓሳ ይዤልሽ መጣሁ። ቆሮሶ ነው። በበረዶ አድርጌ ነው ያመጣሁት።

እናት፦ እሰይ የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥህ! እስቲ ቢላዋውን አቀብለኝ። ምነው፣ ሆዱን ሳይከፍቱ ነው የሸጡልህ?

ልጅ፦ ቸኩዬ ነበር እኮ፤ ጭነት ይጠብቀኝ ነበር። ይልቅ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ሰዎች ጥሬውን ዓሳ በዳጣ ሲበሉ አይቼ እኔም ቀመስኩ። እንዴት ይጣፍጣል መሰለሽ!

እናት፦ ጥሬውን? ዓሳ? ና እስቲ ወዲህ ቅረብ። ይሄን ተመልከት፣ ልቡ አጠገብ ያለውን።

ልጅ፦ ምንድን ነው? ክር ነው እንዴ?

እናት፦ ክር ይንቀሳቀሳል?

ልጅ፦ ውይ! ትል ነው! ግን እማዬ፣ እኔ ሎሚ ጥሩ አድርጌ ጨምቄበት፣ ሚጥሚጣም አብዝቼበት ነው የበላሁት። ትል ቢኖርም በሎሚው ይሞታል፣ አይደል?

(ሙዚቃ ከፍ ይልና ይቆማል)

አቅራቢ፦ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሎሚ የዓሳ ትል ይገድላል? ሚጥሚጣስ? አረቄስ? ለአፍታ አስቡበት።

(ለአጭር ጊዜ ዝምታ)

መልሱ፦ አይገድልም። ሎሚ የዓሳ ትል አይገድልም። ሚጥሚጣ፣ ዳጣ፣ አዋዜ፣ ኮምጣጤ፣ አረቄ፣ አንዳቸውም አይታመኑም። የዛሬው ዝግጅታችን ዋና መልእክት ይህ ነው፤ ደጋግሜ ብናገረው አይሰልቻችሁ። የዓሳን ትል በእርግጠኝነት የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ እሳት ነው፣ ሁለተኛው ጥልቅ በረዶ ነው።

ለምን ሎሚ እንደማይገድለው ለመረዳት ትሉ የት እንደሚኖር ማወቅ አለብን።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በመጀመሪያ ወደ ባሕር እንሂድ፤ በሽታው በዓለም ላይ ይበልጥ የታወቀው በባሕር ዓሳ ነውና።

በባሕር ዓሳ ውስጥ ከሚገኙት ድቡልቡል ትሎች ዋነኛው አኒሳኪስ ይባላል። ሁላችንም የምናውቀው ወስፋት ዘመዱ ነው። እንደ ኮሶ ትል ጠፍጣፋ አይደለም፤ ክብ ሆኖ ቀጭን ነው። ዓሳ ውስጥ ያለው ገና ያላደገው ትል፣ ማለትም ዕጩ፣ ነጣ ያለ ሲሆን ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ያደገው ትል የሚኖረው በዓሣ ነባሪና በዶልፊን ጨጓራ ውስጥ ነው። እነዚህ ትልልቅ የባሕር እንስሳት ሲጸዳዱ የትሉ እንቁላል ወደ ባሕሩ ይገባል። እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለውን ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ይበሉታል። እነሱን ዓሳ ይበላቸዋል። ትናንሹን ዓሳ ደግሞ ትልቁ ይበላዋል። ትሉ በየደረጃው አይሞትም፤ በዓሳው ሆድ ዕቃና ሥጋ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። ማንን ነው የሚጠብቀው? ዓሳውን የሚበላውን ዓሣ ነባሪ ወይም ዶልፊን።

ታዲያ ሰው የት ገባ? ሰው በዚህ ዙር ውስጥ ቦታ የለውም። ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ዓሳ ሲበላ በስህተት ይገባበታል። ትሉ ሰው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላል መጣል አይችልም፤ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ይሞታል። ከመሞቱ በፊት ግን መውጫ ሲፈልግ ራሱን ወደ ጨጓራ ወይም ወደ አንጀት ግድግዳ ይሰነቅራል። ሕመሙ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ሎሚው እንመለስ። ትሉ ተፈጥሮው የሚሄድበት ቤት ጨጓራ ነው አልን። ጨጓራ ውስጥ ምን አለ? ምግብ የሚፈጭ አሲድ አለ። በአሲድ ውስጥ ሊኖር የተሠራ ትል፣ የሎሚ ጭማቂ ምን ያደርገዋል? ኮምጣጤስ ምን ያደርገዋል? በኮምጣጤ ውስጥ ተዘፍዝፎ ለቀናት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ሎሚ የዓሳውን ሥጋ ያነጣዋል፤ የበሰለ ያስመስለዋል። ትሉን ግን አላበሰለውም።

ስለዚህ ምን አልን? ሎሚ ሥጋውን ያነጣል እንጂ ትሉን አይገድልም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሌሎች አገሮች ይህን የተማሩት በሕመም ነው። የኔዘርላንድ ሰዎች ሄሪንግ የሚባለውን የባሕር ዓሳ በጥቂቱ ጨው ነስንሰው፣ እሳት ሳያስነኩት መብላት ልማዳቸው ነው። ሄሪንግ ከበሉ በኋላ ብርቱ የሆድ ቁርጠት ይዟቸው ሐኪም ቤት የሚገቡ ሰዎች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1960 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ምክንያቱ የዓሳው ትል መሆኑን ጽፈው አሳወቁ።

አገሪቱ ምን አደረገች? ሕዝቡ የሚወደውን ምግብ አልከለከለችም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሄሪንግ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ቢያንስ ለ24 ሰዓት እንዲቀዘቅዝ በሕግ ደነገገች። ከዚያ በኋላ በሽታው በአገሪቱ እጅግ ቀነሰ። ሰዎቹ ዛሬም ሄሪንጋቸውን ይበላሉ።

ስፔን ውስጥ ደግሞ ችግሩ የመጣው በኮምጣጤ ከተዘፈዘፈ ትንንሽ ዓሳ ነው። ኮምጣጤ አይገድልም ያልነውን አስታወሳችሁ? እዚያም እ.ኤ.አ. በ2006 ምግብ ቤቶች ጥሬውን ወይም በኮምጣጤ የተዘጋጀውን ዓሳ አስቀድመው እንዲያቀዘቅዙ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። በዓለም ላይ ብዙው ሕመምተኛ የሚመዘገበው ግን ጥሬ ዓሳ የዘወትር ምግብ በሆነባት በጃፓን ነው።

ሱሺ የሚባለውን ምግብ ሰምታችሁ ይሆናል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥም ይገኛል፤ ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በየጊዜው ያገኙታል። እዚያ ያላችሁ፣ ወይም እዚያ ልጅ ያላችሁ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ይህ ዓሳ አስቀድሞ በጥልቅ በረዶ ቀዝቅዟል ወይ?" ደንቡን የሚያከብር ምግብ ቤት ጥያቄውን አይጠላም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጭውውታችን ውስጥ እናትየዋ ያየችው ትል ከባሕር አልመጣም። የመጣው ከሐይቅ ነው።

በአገራችን ሐይቆች ዓሳ ውስጥ የአኒሳኪስ የቅርብ ዘመድ የሆነ ትል አለ፤ ኮንትራሲከም ይባላል። ተመራማሪዎች በሐዋሳ፣ በዝዋይ፣ በጫሞ፣ በጣና ሐይቅ ዓሳ ውስጥ አግኝተውታል። በቆሮሶም በአምባዛም ውስጥ ይገኛል። በሆድ ዕቃው መካከል ወይም ልቡ አካባቢ ተጠቅልሎ ይታያል።

በሐይቅ ዶልፊን የለም፤ ታዲያ ይህ ትል የመጨረሻ ቤቱ የት ነው? ዓሳ የሚበሉ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው፤ በተለይም ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈው ይብራና ሌሎች ዓሳ አጥማጅ ወፎች። ወፉ ዓሳውን ይውጣል፤ ትሉ በወፉ ሆድ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል። ዙሩ ያው ነው፤ የተቀየረው ባለቤቱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ማንንም ማስፈራራት አልፈልግም። በሰው ላይ ሕመም በማድረስ በዓለም ይበልጥ የታወቀው የባሕሩ ትል ነው። የሐይቁ ዘመዱ በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት ከዚያ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። ቢሆንም ዘመዳሞች ናቸው፤ መንገዳቸውም አንድ ነው። ጥሬ ዓሳ ስንበላ ከእነዚህ ትሎች ሌላ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንም አብረው ሊገቡ ይችላሉ። መከላከያው ለሁሉም አንድ ነው፤ ማብሰል።

የእኛ አካባቢ ሰው ይህን አሠራር ከከብት ያውቀዋል። የኮሶ ትል ከየት ይመጣል? ከጥሬ ሥጋ። ሥጋው ሲበስልስ? ትሉ ይሞታል። ለከብቱ ሥጋ የምናውቀውን ለዓሳውም እንጠቀምበት።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አንድ ሰው ትል ያለበት ጥሬ የባሕር ዓሳ ቢበላ ምን ይሰማዋል?

ብዙ ጊዜ ከበላ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከእምብርቱ በላይ ብርቱ ቁርጠት ይይዘዋል። ያቅለሸልሸዋል፤ ያስመልሰዋል። ትሉ ወደ አንጀት ከወረደ ደግሞ ሕመሙ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ሐኪሙም የትርፍ አንጀት ሕመም ሊመስለው ይችላል።

በዚህ ጊዜ ዋናው ነገር ምንድን ነው? የበላችሁትን መናገር! "ትናንት ጥሬ ዓሳ በልቻለሁ" ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ታሳጥራለች። ከፋርማሲ የወስፋት መድኃኒት ገዝቶ ውጦ መቀመጥ መፍትሔ አይደለም። ትሉ ጨጓራ ላይ ከተተከለ፣ ዋናው ሕክምና ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ወደ ጨጓራ ገብቶ ትሉን ነቅሎ ማውጣት ነው። ትሉ እንደወጣ ሕመሙ ቶሎ ያልፋል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ለትሉ አለርጂ ይኖረዋል። ዓሳ በልቶ ሰውነቱ ሽፍታ ከወጣበት፣ ከንፈሩና ዓይኑ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ጊዜ ሳይባክን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ። ይህ ዓይነቱ አለርጂ ትሉ ሞቶም ሊነሳ ስለሚችል፣ አንዴ የገጠመው ሰው ሐኪም ሳያማክር ዓሳ ዳግመኛ አይብላ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እሺ፣ ቤታችን ውስጥ ምን እናድርግ? እርሳስና ወረቀት ያላችሁ ጻፉ፤ የሌላችሁ በልባችሁ ያዙ።

አንደኛ፣ ዓሳው ሆዱ ወዲያው ይከፈት። ሐይቅ ዳር ስትገዙ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ታጥቦ ይሰጣችሁ። ለምን? ብዙው ትል ያለው ሆድ ዕቃው ውስጥ ነው። ዓሳው ሞቶ ሲቆይና ሲሞቅ፣ የአንዳንዱ ትል ዕጩ ከሆድ ዕቃው ወጥቶ ወደ ሥጋው ሊገባ ይችላል። ከሐዋሳ እስከ ያቤሎ ያለው ሙቀትና ርቀት ደግሞ ቀላል አይደለም። የጣላችሁትን ሆድ ዕቃም ውሻና ድመት በማያገኘው ቦታ ቅበሩት።

ሁለተኛ፣ በደንብ ይብሰል። ትሉን ለመግደል የዓሳው መካከል 63 ዲግሪ ያህል መሞቅ አለበት። ቤታችን ውስጥ መለኪያ የለንም፤ ታዲያ በምን እናውቃለን? ወፍራሙን ቦታ በሹካ ክፈቱት። ሥጋው እስከ መካከሉ ነጥቶ፣ ከአጥንቱ በቀላሉ ከተላቀቀ በስሏል። መካከሉ የሚያብለጨልጭና ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ከአጥንቱም አልላቀቅ ካለ፣ ገና ነው፤ መልሱት። ጎላሹም፣ ጥብሱም፣ ወጡም መለኪያው ይኸው ነው። ለብለብ ለዓሳ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ በረዶ። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ዓሳን በበረዶ ይዞ መምጣት ከመበላሸት ያቆየዋል እንጂ ትሉን አይገድልም። ትሉ የሚሞተው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቆይ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዚህ ቅዝቃዜ 7 ቀን ይቆይ ይላል። የቤታችን ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ይህን ያህል አይቀዘቅዝም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይሞቃል። ስለዚህ ለእኛ ቤት አስተማማኙ እሳት ነው።

አራተኛ፣ ቢላዋና መክተፊያ። ጥሬ ዓሳ የከተፋችሁበትን በሳሙናና በውሃ ሳታጥቡ ሰላጣ አትክተፉበት።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ጥቂት ጥያቄዎችን እናንሳ። "የቆርቆሮ ሰርዲንና ቱናስ?" ትሉ ይሆናል። ዓሳው ቆርቆሮው ውስጥ ከታሸገ በኋላ በፋብሪካ በከፍተኛ ሙቀት ይበስላል፤ በሕይወት ያለ ትል አይኖርበትም። እናንተ ማየት ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው። ቆርቆሮው ካበጠ፣ ከተቀደደ፣ ወይም ቀኑ ካለፈ ይጣል። ከተከፈተ በኋላ የተረፈውን በሌላ ዕቃ ገልብጣችሁ ቶሎ ተጠቀሙበት።

"ዓሳው ውስጥ ትል ካየሁ ሁሉን ልጣለው?" ጥቂት ትል ሆድ ዕቃው ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ አውጥታችሁ ጥላችሁ፣ ሥጋውን በደንብ አጥባችሁና አብስላችሁ መብላት ትችላላችሁ። ሥጋው ውስጥ ትል ከበዛ ግን አትብሉት፤ ሻጩንም ንገሩት።

"እንግዲያስ ዓሳ ባንበላ አይሻልም ወይ?" አይሻልም! ዓሳ ገንቢ ምግብ ነው። ፕሮቲኑ ለሚያድግ ልጅም፣ ለነፍሰ ጡር እናትም፣ ለአረጋዊም ይጠቅማል። ድርቅ መንጋችንን በሚጎዳበት አካባቢ ተጨማሪ የምግብ ምንጭ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ዓሳ በሚፈለግበት የጾም ወቅትም ብዙ ቤተሰብ ይጠቀምበታል። የምንለው "ዓሳ ብሉ፤ አብስላችሁ ብሉ" ነው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

አቅራቢ፦ እንግዲህ የዛሬውን እናጠቃልል። ከእኔ ጋር በሉት።

ሎሚ፣ ሚጥሚጣ፣ ዳጣ፣ ኮምጣጤ፣ አረቄ የዓሳ ትል ይገድላሉ? አይገድሉም።

ምን ይገድለዋል? እሳትና ጥልቅ በረዶ።

ለእኛ ቤት የትኛው ይቀርባል? እሳት።

ሆድ ዕቃው መቼ ይውጣ? ወዲያው።

ጥሬ ዓሳ በልቶ የታመመ ሰው ለሐኪሙ ምን ይበል? የበላውን ይናገር።

በጭውውታችን ውስጥ ጥሬውን የቀመሰው ሾፌርስ? ሕመም ካልተሰማው አይደንግጥ። ቁርጠት ከጀመረው ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ የበላውን ይንገር። ከእንግዲህ ደግሞ ሐይቅ ዳር ሲቀመጥ ተጠብሶ ይምጣልኝ ይበል። ይህን የሰማችሁ ሾፌሮችና ረዳቶች ለባልደረቦቻችሁ ንገሩ፤ የምግብ ቤት ባለቤቶችም ለወጥ ቤት ሠራተኞቻችሁ። ጥያቄ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ።

የሳምንቱ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ በረዶ ውስጥ ተደርጎ ከሐዋሳ ያቤሎ የደረሰ ዓሳ፣ ትሉ ሞቷል ወይስ አልሞተም? ለምን? ከቤተሰባችሁ ጋር ተወያዩበት። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት አብረን እናየዋለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያልቃል)